የቀይ ኮከብ ትርታ

ቢሮ ውስጥ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጡት ሴትዮ ሥራቸው ያረጁ ግዙፍ ቀይ ኮከቦችን ማጥናት ነው። የሟች ባለቤታቸው ሰዓት ሰፍቷቸው እጃቸው ላይ ይዋልላል። ከቀብሩ ወዲህ ከሥራ ቀርተው አያውቁም፤ ቀልድ ሲወራም ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ናቸው። «አቤት ጥንካሬ!» እንላለን።

ዛሬ ኮምፒውተራቸው ላይ ሁለት ኮከቦች አሳዩኝ።

«መንታ ይመስላሉ አይደል? የዚህችኛዋ እምብርት ከስሟል፤ የሚነደው ዙሪያው ብቻ ነው። የዚያችኛዋ እንደገና ተቀጣጥሏል። ከላይ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ ውስጣቸውን የሚያሳብቀው የብርሃናቸው መርገብገብ ነው።»

ሻይ አመጣሁላቸውና፣ «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው ልጄ? እንደምታዪኝ ነኝ» ብለው እየሳቁ ብርጭቆውን ተቀበሉኝ።

እስኪያስቀምጡት ድረስ የሻዩ ፊት ይርገበገብ ነበር።