ቀዳዳ የማይወደው ሰው

የእህቴን ባል ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኑን ማየት አልወድም። ከፊቱም ከኋላውም ስለምናገረው ሐሜት አይባልብኝም። ወደቡ ላይ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም ወታፊው ይሉታል። ሥራው የሚያፈስሱ ጀልባዎችን መድፈን ነው። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጥጥ ይጠቀጥቃል፣ ሬንጅ ያፈስበታል፣ በጣቱ ዳብሶ ካልረካ ሁሉንም ነቅሎ እንደገና ይጀምራል። በሥራው አላማውም። እሱ የደፈነው ጀልባ ጠብታ አያስገባም።

ችግሩ ሥራውን ይዞት ቤቱ መግባቱ ነው። ጎረምሳ ሳለ የተሳፈረበት ጀልባ ጣት በማታህል ሽንቁር ውሃ ገብቶበት ሰመጠ፤ አብሮት የነበረው ታናሽ ወንድሙ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ክፍት ነገር ማየት አይችልም። ከእህቴ ጋር የሚኖርባት ጀልባ ውስጥ የቁልፍ ቀዳዳው እንኳ ጨርቅ ተጎስሮበታል። ልጠይቃት በገባሁ ቁጥር፣ "ኧረ በሩን ክፈቱት፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው" እላለሁ። እሱም ቀና ሳይል፣ "ካልተመቸሽ መውጫውን ታውቂዋለሽ" ይለኛል።

እህቴ በረዶ ውስጥ የተቀበረ ዓሣ ስታጸዳ ነው የምትውለው። ጣቶቿ በቁርጥማት ተቆልምመዋል። ከሥራ ስትመለስ በቀዝቃዛ ውሃ የምትታጠበው ጥርሷን ነክሳ ነው። አንድ ቀን፣ "እትዬ፣ ሙቅ ውሃ ብቻ ቢኖረኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሰውየውን ፋታ ነሳሁትና ባለሙያ አስመጣሁ።

ባለሙያው ጀልባ ላይ የጋዝ ዕቃ ሲገጥም የኖረ ቁጡ ሰው ነው። ዙሪያውን አየና፣ "ባትሪያችሁ ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ አቅም የለውም" አለ። "በሞተር ሙቀት የሚሠራም ነበር፤ እናንተ ግን ሞተር የምታስነሡት መቼ ነው? እዚሁ ታስራችሁ ነው የምትኖሩት። ስለዚህ ጋዝ ነው። ጋዝ ሲሆን ደግሞ ዝጉን ዓይነት ነው የምገጥመው፣ አየር ከውጭ ስቦ የተቃጠለውን መልሶ ወደ ውጭ የሚተፋውን።" ከዚያ ጣሪያውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። "ቧንቧው የሚወጣው በዚህ ነው። እዚህ ጋ እበሳለሁ።"

የወታፊው ፊት ዓመድ መሰለ።

"የማንን ጀልባ ነው የምትበሳው?"

"ያንተን ነዋ!"

"እኔ በቁሜ?"

"ካልበሳሁ አልገጥምም። ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሰቀለውን ክፍቱን ዓይነት አምጥተህ እንዳትሰቅል። እሱ እናንተ የምትተነፍሱትን አየር ነው የሚበላው። የሚያወጣው መርዝ ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ሰው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል።"

"ውጣልኝ ከጀልባዬ!"

ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። እኔ ግን የምወጣ አይደለሁም። "አንተ ደንቆሮ፣ ሚስትህን በገዛ እጅህ ልትገድላት ነው!" ብዬ ጮህኩበት።

"ስንቱን ሽንቁር ስደፍን ያንቺ አፍ ብቻ አቃተኝ" አለኝ።

ያንኑ ክፍቱን ዓይነት ከፈረሰ ቤት አገኘና ራሱ ሰቀለው። ቧንቧውን ጥብቅ አድርጎ ስለገጠመ ጋዝ እንዳልሸተተ ለወደቡ ሰው ሁሉ አወራ። በዚህ ላይ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብሎ የመታጠቢያዋን በር ዙሪያ በጎማ አሸገው። ይህንን ያደረገው ለእህቴ አስቦ ነው። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

በዕረፍት ቀኗ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጠይቃት ሄድኩ። እሱ ከላይ ተቀምጦ ጥጥ ይፈትላል። "እየታጠበች ነው፣ ጠብቂ" አለኝ። ከታች ውሃ ይንሿሿል። ጠራኋት፤ መልስ የለም። ደግሜ ጠራኋት።

"ሙቁ ጥሟት ነው፣ ተያት" አለ። የኔን ፊት ሲያይ ግን ጥጡን ጥሎ ተነሣ። ገፍትሮኝ ወረደና በሩን በትከሻው ገነጠለው። እህቴ ወለሉ ላይ ተዘርራለች፣ ሙቅ ውሃው ይወርድባታል። ተሸክሞ ነፋስ ወዳለበት ሲያወጣት እኔ እየጮህኩ ጀርባውን እደበድበው ነበር።

ትንፋሿ መጣ፣ ቀጥሎ አስታወካት። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ሰጧት። ሐኪሟ፣ "ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ አትደርሱላትም ነበር" አለችን።

እኔ ቤት ወሰድኳት። እሱ በየቀኑ መጥቶ ደጃፌ ላይ ይገተራል፣ እኔም በየቀኑ በሩን እዘጋበታለሁ። አንድ ቀን እህቴ በመስኮት ብቅ አለችና፣ "ጀልባዋን ካልበሳህ አልመለስም" አለችው። "ምንም ቢሆን አልመለስም" እንድትለው ነበር የፈለግኩት።

ከዚያ ባለሙያው እያጉረመረመ መጣና፣ "ያ ወፈፌ ይጠራችኋል" አለን። ሄድን። የመስኮቱና የበሩ ውታፍ ሁሉ ተነቅሏል። ዝጉ ማሞቂያ ተሰቅሏል። የጋዙ ሲሊንደር ከላይ፣ ሥሩ ወደ ውሃው የተከፈተ ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ ጋዝ ቢያመልጥ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ እንዳይተኛ ነው። ጣሪያው ላይ በጠመኔ ክብ ተሠርቷል።

"እኔን አላስነካ አለኝ" አለ ባለሙያው።

ወታፊው መሰርሰሪያውን አንሥቶ ክቡ ላይ ደገነው። መልሶ አወረደው። "ወንድሜ እኮ ጣት በማታህል..." ብሎ አቆመ።

"ብሳው" አለችው እህቴ።

በሳው። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰውየው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ባለሙያው ቧንቧውን አወጣ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈተሸ፣ መርዙ ካለ የሚጮህ መሣሪያም ሰቀለ። እህቴ በዚያው ቀረች። ተናደድኩ፤ ንዴቱ አሁንም አለቀቀኝም።

አሁን እሷ በታጠበች ቁጥር ወታፊው ጣሪያው ላይ ይወጣል። ከቧንቧው በሚወጣው ሙቀት ላይ መዳፉን ዘርግቶ፣ "አለሽ?" ይላታል። "አለሁ" ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠራታል። ዝናብም ቢዘንብ አይወርድም።

ባለፈው ስሄድ እዚያው ላይ ነበር። ሬንጅ የጫነ ጀልባ መጥቶ ከታች ሰዎች ይጠሩታል። አየኝ፣ ወደ ቧንቧው አየ፣ እንደገና አየኝ።

"ዋርሳዬ፣ እባክሽ አንዴ እጅሽን" አለኝ።

አልወደውም። ወጣሁና ቦታውን ያዝኩለት።

"አለሽ?" አልኳት።

"አለሁ፣ እትዬ።"