ከባዱ ሃይድሮጂን ከሰዓት በኋላ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ መስታወት ላይ ፎቶዬ ከተለጠፈ በኋላ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ። ፎቶው ስመረቅ የተነሳሁት ነው፤ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «የልጃችን ግኝት» ይላል። ግኝት የተባለው ነገር ስህተት መሆኑን በዚያ ሳምንት የምናውቀው እኔና የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ብቻ ነበርን።

የዶክትሬት ሥራዬ በሃይድሮጂን ላይ ነው። ተራው ሃይድሮጂን ቀላል ነው፤ ክብደቱ የእሱን እጥፍ የሚሆን ወንድምም አለው፤ ዲዩተሪየም ይሉታል፣ እኔ ከባዱ እለዋለሁ። የማጠናው ሁለቱ በቀዘቀዘ ብረት ላይ እንዴት እንደሚጣበቁ ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ዕቃ ውስጥ ብረቱን በጣም አቀዘቅዘዋለሁ፤ ትንሽ ጋዝ እለቅበታለሁ፤ ከዚያ ቀስ እያልኩ እያሞቅሁ ጋዙ ከብረቱ ላይ የሚነሳበትን ሙቀት አያለሁ። ሞለኪውል ምንም ያህል ቢበርደው ጨርሶ አያርፍም፤ ባለበት ይርገበገባል። ቀላሉ የበለጠ ስለሚርገበገብ ቶሎ ይነሳል። ከባዱ ረጋ ብሎ ስለሚቀመጥ ለመነሳት ትንሽ ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል። ይህንን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ያገኘሁት ልዩነት ግን ማንም ከጠበቀው በላይ ሰፊ ነበር። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው መጣ።

ደስታዬን መያዝ አልቻልኩም። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ካልቨር ሲቲ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ተንከባካቢ ናት፤ ስለ ሃይድሮጂን የገባት ነገር ባይኖርም ደስታዬ ገባት። እሷም ለዚያ ምግብ ቤት ባለቤት ነገረች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው። እትዬ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ምግብ ቤት ውስጥ ወጣቶችን ሰብስበው ለሚመክሩት ጡረተኛ የታክሲ ሹፌር፣ ለጋሼ ነገሩ። ነይና አስረጂን ተባልኩ፤ ሄድኩ።

ብዙ ሰው ነበር። እኔም ከሚገባው በላይ አወራሁ።

«ሶ፣ ይሄ ነገር መኪና ይነዳል ማለት ነው?» አሉ ጋሼ።

አይነዳም ማለት ነበረብኝ። «አንድ ቀን ሊሆን ይችላል» አልኩ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ እትዬ እልል አሉ። ፎቶዬ በማግሥቱ ተለጠፈ።

ሰኞ ላቦራቶሪ ስገባ አማካሪዬ ሥራዬን እያገላበጠች ቆየችና «ሁልጊዜ ቀላሉን ነው ጠዋት የምትሠሪው?» አለችኝ።

«አዎ። ከባዱን ከሰዓት በኋላ።»

«እስቲ ነገ ከባዱን አስቀድሚው።»

አስቀደምኩት። ከባዱ ጠዋት ሲሆን ቶሎ ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ቀላሉን ስለቅበት ደግሞ ሙጭጭ አለ። ወንበር ላይ እንኳን ሳልቀመጥ ገባኝ። ብረቱ በየሙከራው በሞቀ ቁጥር ሌሊቱን ላዩ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ ይራገፋል፤ ከሰዓት በኋላ ገጹ ጠዋት ከነበረው የጠራ ነው፤ የጠራ ገጽ ደግሞ የመጣለትን ሁሉ አጥብቆ ይይዛል። እኔ ስለካ የከረምኩት የሃይድሮጂኑን ክብደት ሳይሆን የብረቱን መጥራት ነበር። አማካሪዬ አልተቆጣችም። «እንኳንም ሳይታተም አየነው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ፊቴ እሳት ሆኖ ዋለ፤ ጽሑፉ ባይታተምም ፎቶው ፌርፋክስ ላይ ተለጥፏል።

ከዚያ በኋላ መሸሽ ጀመርኩ። እናቴ እንጀራ ግዢ ስትለኝ «ፓርኪንግ የለም» እያልኩ ጋርዴና ከቤታችን አጠገብ ካለ ሱቅ አመጣለሁ። እሷም እንጀራው ኮምጣጣ ነው እያለች ትበላለች። አንድ ቅዳሜ ግን «ዛሬ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ፤ እትዬን ናፍቀሻቸዋል» ብላ ይዛኝ ሄደች።

ገና ከበሩ ስንገባ ጋሼ ብድግ አሉ። ያልሰሙ ሰዎች አሉና ድገሚልን አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያ ነገር ስህተት ሆነ።»

«ማን ነው ስህተት ያለው?»

«መጀመሪያ አማካሪዬ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ እኔ...»

«በቃ!» አሉ ጠረጴዛውን በእጃቸው መታ አድርገው። «ሰምታችኋል? ልጅቷን ስህተት ነው ይሏታል፤ ነገ በራሳቸው ስም ያወጡታል! እኔ እዚህ አገር አርጅቻለሁ፤ አውቃቸዋለሁ!»

«ውይ ልጄን!» አሉ እትዬ ደረታቸውን ይዘው። ዙሪያው ሁሉ አጉረመረመ። አንዱ ጠበቃ አውቃለሁ አለ።

ዝም ብል ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያበቃ ነበር። ተሳሳተች ከመባል ተሰረቀች መባል ይሻለኛል፤ የተሰረቀ ሰው ይታዘንለታል። እናቴን አየኋት። ዐይኗ እንባ አቅርሮ፣ በጋሼ ንግግር ራሷን እየነቀነቀች፣ ለእኔ ልትጣላልኝ የተነሳች መስላ ቆማለች። አልዋሽም፤ ዝምታው ጣመኝ፤ ትንሽ ቆየሁበት። ከዚያ አማካሪዬ፣ መሣሪያውን አጠገቤ ቆማ ያስተማረችኝ፣ አውቶቡስ ሲያመልጠኝ በመኪናዋ የምታደርሰኝ፣ ትዝ አለችኝ።

«ማንም አልሰረቀኝም» አልኩ። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጮኸ። «እኔው ነኝ የተሳሳትኩት። አንዱን ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሌላውን ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ሠራሁ። ሳገላብጠው ውጤቱ ተገለበጠ። ሴትዮዋ ባትጠይቀኝ ኖሮ ዓለም ፊት እዋረድ ነበር።»

ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ታዲያ ምንም ልዩነት የለውም?» አሉ፤ ድምፃቸው ለስልሷል።

«አለው። ትንሽ ነው። ድሮም የሚታወቀው ያህል።»

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልወቀሰም። ያ ይበልጥ ከበደኝ። እትዬ ወደ ኩሽና ገቡና ሳናዝ ምግብ ጠቅልለው አመጡልን፤ ሐዘን ቤት እንደሚላክ ዓይነት። የጎረቤት ጠረጴዛ ወሬውን ወደ ቤት ኪራይ አዞረው። ተመስገን አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስም እናቴ ነዳች። ጋርዴና ልንደርስ ስንል ቀይ መብራት ላይ ቆመች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ካስረዳኋቸው በኋላ፣ በዚያው ሳምንት።»

«እና ያን ሁሉ ጊዜ እኔ በየሄድኩበት ሳወራ ትሰሚ ነበር?»

እሰማ ነበር። ለአሮጊቷ ልጆች ሳይቀር በስልክ ስትነግር ከጎኗ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

«ሰው መሀል ከምሰማው» አለች፣ ዐይኗን ከመብራቱ ሳትነቅል፣ «ቤት ውስጥ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔ መቼ ሃይድሮጂን ጠየቅሁሽ?»

ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩት ምግብ ያቃጥላል፤ ግን ላነሳው አልደፈርኩም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋብን፤ እናቴ ነዳች።