የወርቅውሃ እና ስድስቱ ቦታዎች

የወርቅውሃ የኩላሊት እጥበት ነርስ ናት። ፍራንክፈርት ከተማ፣ ሪደርቫልድ ሰፈር ውስጥ ከባለቤቷ ከክንፈና ከልጃቸው ከሩሐማ ጋር ትኖራለች። በሥራ ቀን ያያት ሰው ረጋ ያለች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት ብሎ ያልፋል። ቅዳሜና እሁድ ግን ሞተር የሌለው አውሮፕላን ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ታጠብቅና ሰማይ ላይ ትገለባበጣለች። ሌላ አውሮፕላን በገመድ ጎትቶ ከፍታ ላይ ያደርሳትና ይለቃታል፤ ከዚያ ወዲያ ያላት የነፋሱ ፉጨትና የገዛ እጇ ብቻ ነው።

የጀመረችው አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ከከተማው በስተሰሜን ወዳለው የሣር ሜዳ ወስዳ አንድ ጊዜ አሳፈረቻት። ቤት ገብታ "ይህን መማር አለብኝ" ስትለው ክንፈ የቀለደች መስሎት ሳቀ። አልቀለደችም።

ወሬው ከተሰማ ወዲህ የሀበሻው ሁሉ ጥያቄ አንድ ሆነ፤ "መቼ ነው ለጀርመን የምትሰለፊው?" ከሁሉም የባሰባቸው ግን አጎቷ አቶ ተኽለሚካኤል ነበሩ። በተማሪነት መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ኖርድኤንድ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው።

"ወርቄ፣ ብሔራዊ ቡድን ካልገባሽ ለማን ነው የምትገለባበጪው?" ይሏታል።

"ጋሼ፣ ፌራይናችን ውስጥ እኮ ስለ ቡድን የሚያወራ የለም። ሁሉም የሚጨቃጨቀው ትናንት አየር ላይ ስለሠራት ክብ ነው፤ አናቷ ላይ ጠፍጠፍ ብላለች፣ አላለችም እየተባባለ።"

እውነቷን ነበር። ከበረራ ክለቡ አባላት አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ አንዷ የግብር ቢሮ ሠራተኛ። ቡድን መግባት ማለት የዓመቱን ኡርላውብ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ ጠቅልሎ ለልምምድ መስጠት ነውና አብዛኞቹ ጨርሶ አያስቡትም። እሷም አላስበውም ትል ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በጋ የአገሪቱ ሻምፒዮና ከፍራንክፈርት ብዙ በማይርቅ ሜዳ ላይ ተካሄደ። ከሁሉ የበለጡት ስድስት ሰዎች ለዓለም ውድድር ይመረጣሉ። የወርቅውሃ የገባችው ለመማር ነበር። በረራው እየተደራረበ ሲሄድ ግን አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ አምስተኛ ሆና ተገኘች። የቀረው የመጨረሻው በረራ ብቻ ነው፤ እሱም እያንዳንዱ በራሪ ራሱ የሚያዘጋጀው።

አሰልጣኟ ሄልጋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ለብቻ ጠራቻት።

"በጅራት የምትወርጂባትን አውጪያት። በቀላል ለውጪና ቡድን ትገቢያለሽ።"

ያቺ እንቅስቃሴ አፍንጫን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ መውጣት፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ከዚያ በጅራት ወደ ኋላ መንሸራተት ናት። አውሮፕላኑ ትንሽ ዘንበል ካለ ነጥቡ ዜሮ ነው። የወርቅውሃ ስንት ክረምትና በጋ የለፋችባት እሷ ናት።

ሩሐማ ከአጠገቧ ነበረች። የእናቷን እጅ ያዘች።

"ኤጋል፣ ማማ!" አለቻት፤ ቢሆንም ባይሆንም ግድ የለም ማለቷ ነው።

"ግድማ አለኝ፣ ልጄ" አለች የወርቅውሃ፤ ይህን ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። "ቡድኑን እፈልገዋለሁ። ግን የፈራ ሰው በረራ በርሬ መግባት አልፈልግም።" ለሄልጋም፣ "አላወጣትም" አለቻት።

ክንፈ አቶ ተኽለሚካኤልን ይዟቸው የደረሰው ተራዋ ሲቃረብ ነው። ነጩ አውሮፕላን ከገመዱ ተለቀቀ፤ ዞረ፣ ተገለበጠ፣ ከዚያ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ወጣ። ወጣ ወጣና ቆመ። አውሮፕላኑ ሳያጋድል፣ ሳይዛነፍ፣ በጅራቱ ቁልቁል ተንሸራተተና አፍንጫውን ጥሎ ወደ ምድር ዞረ። ሄልጋ በረዥሙ ተነፈሰች።

በዚያች እንቅስቃሴ ከዳኞቹ ያገኘችውን ያህል ነጥብ የዚያን ቀን ማንም አላገኘም። ግን መጨረሻ ላይ ነፋሱ ገፍቶ ከተፈቀደው የአየር ክልል አወጣትና ነጥብ ተቀነሰባት። ሰሌዳው ሲለጠፍ ሰባተኛ ነበረች።

ከአውሮፕላን ማቆሚያው ሀንጋር ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። አቶ ተኽለሚካኤል በከዘራቸው እየተደገፉ ተከተሏት።

"ብትመረጪ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽሽም" አሏት።

"እኔንም፣ ጋሼ። ቆጭቶኛል።"

"ይቆጭሽ፤ ደግ ነው። ግን ያን ጊዜ አየር ላይ ስትቆሚ አብሬሽ ቆሜ ነበር። ይኼን ያህል ዘመን ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።" ክንዷን ይዘው ወደ ሰው መሀል መለሷት። ያገኙትን ጀርመን ሁሉ፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ፣ እያስቆሙ "ማይነ ኒሽተ! የእህቴ ልጅ ናት!" ይሉ ነበር። እሷም ዓይኗን ጠርጋ፣ አንገቷን ሳትደፋ፣ የእያንዳንዱን እጅ ጨበጠች።

በማግሥቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰው "እህሳ፣ ቡድን ገባች?" ብሎ ጠየቀ።

"ሰባተኛ!" አሉ አቶ ተኽለሚካኤል ከሷ ቀድመው። "ከመላው ጀርመን ሰባተኛ! አንተ ስንተኛ ነህ?"

የወርቅውሃ ከት ብላ ሳቀች። "የሚቀጥለውን ዓመት ኡርላውቤን ሁሉ ለልምምድ ነገውኑ እጠይቃለሁ" አለች።