የሳምቡሳው መስታወት እንቁራሪቶች

ልጅ እያለሁ ብዬ የማወራው ብዙ የለኝም፤ የኔው በሥራ አልቋል። ልጅነት ያየሁት በልጄ በሰናይት ነው። እሱም በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ከሲኤምሲ ወረድ ብሎ ጭቃ ቤት ተከራይተን ስንኖር።

ከቤታችን ጀርባ ረግረግ ነበር። ክረምት ሲገባ ቄጠማው ወገብ ይደርሳል፤ አመሻሹ ላይ እንቁራሪቶቹ ሲጀምሩ ሰው ከሰው አይደማመጥም። አንዱ ከወዲህ ይጮሃል፣ ሌላው ከወዲያ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ነው። ጎረቤት ያማርር ነበር። ሰናይት ግን እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ድምፅ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።

አንድ በጋ ቦታው ለቪላ ተመራ ተባለና ገልባጭ መኪና ድንጋይና ቀይ አፈር ይደፋበት ጀመር። ሰናይት ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን ወርውራ ጭቃው ውስጥ ገባች። ጥቂት እንቁራሪቶች በቀሚሷ ቋጥራ ተመለሰች።

"አባዬ፣ እነዚህን እቤት እናኑራቸው። ክረምት ሲመጣ ይጮሁልኛል።"

"ይጮሁልሻል" አልኳት።

በራችን ላይ ሱቅ የነበራቸው እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የወሎ ሴት፣ ሳምቡሳ የሚደረድሩበት ጥጉ የተሰነጠቀ የመስታወት ሳጥን ነበራቸው። ሄጄ ለመንኩ። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው፣ "ሰው ሚስቱ ስትሞት ሌላ ያገባል፤ አንተ እንቁራሪት ታስገባለህ" ብለው ሳቁብኝ። "ውሰደው። ሰፈሩ ጠንቋይ ሆነ ቢልህ ግን እኔ የለሁበትም።"

ስንጥቁን በስቱኮ ደፈንኩት። ከሥር ጠጠር አደረግን፤ እንዳይሸት በላዩ የደቀቀ ከሰል፤ ከዚያ ከረግረጉ ያመጣነውን ጥቁር አፈር። ቄጠማውን ከነሥሩ ተከልን። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ነገር ሰናይት በቢላ እየላጠች አነጠፈችላቸው። በአንዱ ጥግ የሸክላ ሳህን ቀብረን ኩሬ ሆነላቸው። የቧንቧውን ውሃ ሽታው እስኪወጣ በባልዲ እናሳድረው ነበር። ከላይ የወንፊት ሽቦ ከደንኩበት። ቤቱ እርጥብ አፈር፣ እርጥብ ሣር ሸተተ፤ ልክ እንደ ደጁ። ሰናይት ዝንብ በእጇ እየያዘች ታበላቸዋለች። ወፈሩ። እትዬ ዘሃራ ባለፉ ቁጥር "ሳምቡሳው ዛሬ ስንት ነው?" ይሏታል። "አይሸጥም" ትላለች፣ ኮስተር ብላ።

ክረምቱ ገባ። ረግረጉ የነበረበት ላይ አጥር ቆሟል። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰናይት ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አለች። ምንም የለም። ሳጥኑን ደጅ አውጥተን ዝናብ አስመታነው። ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድምፅ ግን የለም።

"ታመው ነው?"

"አልታመሙም። ሲበሉ እያየሻቸው አይደል።"

ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ጠበቀች። መብራት ካልበራላትም አልተኛ አለች። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ "አባዬ፣ ማን ይመልስልናል ብለው ይጮሃሉ?" አለችኝና ተነስታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አጠገባቸው አልተቀመጠችም። ዝንቡን የምይዘው እኔ ሆንኩ። በበጋው አንድ በአንድ አለቁ። እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት።

ዛሬ ሰናይት ራሷ እናት ሆናለች፤ አትላስ አካባቢ ነው የምትኖረው። እኔን ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስገብታኛለች። ጥሩ ልጅ ናት። ውሃው፣ መብራቱ፣ ምግቡ ተሟልቶልኛል፤ በረንዳው ላይ አበባ ሳይቀር ተክላልኛለች። ያኔ ገና ከደጄ ብቅ ስል ስሜን የሚጠራ አላጣም ነበር፤ እኔም ከአጥር ማዶ እመልስ ነበር። እዚህ ሰው ደረጃው ላይ ያልፈኛል፣ በሩን ይዘጋል። እነዚያ ጎረቤቶቼ ግማሾቹ ሞቱ፣ ግማሾቹ ተነስተው የት እንደገቡ አላውቅም።

እሁድ እሁድ ትመጣለች። "አባዬ፣ ምነው ዝም አልክ? አሞህ ነው?" ትለኛለች።

አላመመኝም እላታለሁ። እበላለሁ እላታለሁ።