ቤት የሌለበት ሥዕል

በዚህ ዕድሜዬ የዘይት ቀለም ሥዕል መማር አማረኝ። መምህሬ «የድሮ መልክዓ ምድር እየገለበጥክ ተለማመድ» ብሎ የአንድ ያረጀ ሥዕል ፎቶ ሰጠኝ። ሥዕሉ የሚያሳየው አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ያለውን የኛኑ ሰፈር ነው፤ ያኔ ሣርና ጽድ ብቻ ነበር። ብልጥ ነኝና፣ ቦታው ድረስ ሄጄ ብሥለው ይበልጥ ይዋጣልኛል አልኩ። ባለ ሦስት እግር የሸራ ማቆሚያዬን ከቤቶቹ ፊት ለፊት ተክዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በብሩሽ እየለካሁ የፎቶውን ሣርና ጽድ ሸራው ላይ መገልበጥ ጀመርኩ።

ሰው ተሰበሰበ። አድናቂዎቼ መስለውኝ ደረቴን ነፋሁ።

አንዲት እናት ጠጋ ብለው ሸራውን አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ የኔ ቤት የታለ?»

«እማማ፣ እዚህ ላይ ቤት የለም፤ ሁሉም ሣር ነው» አልኳቸው እንደ ሊቅ።

«ሣር?! ኧረ ጎረቤት! ፕላኑ ወጥቷል፣ ሁላችንም የልማት ተነሺ ሆነናል!»

«ሥዕል እኮ ነው» ብል ማን ይስማኝ? ግማሹ የቤቱን ካርታ ይዞ መጣ፣ ግማሹ ቤቱን እንዳስገባለት ለስላሳ ገዛልኝ። ነፍሴን ላድን ብዬ በጽዱ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ መደርደር ያዝኩ። እማማ ከኋላዬ ቆመው «ሽንት ቤቷንም እንዳትረሳ» ይሉኛል።

የመጨረሻውን ጣሪያ ስጨርስ ተገላገልኩ አልኩ። የእድራችን ሊቀመንበር ግን ከኮት ኪሳቸው የእድሩን ማኅተም አወጡ፤ እፍ እፍ አሉበትና ገና ያልደረቀው ሰማይ ላይ ቸብ አደረጉት።

«ካሁን ወዲያ ስርዝ ድልዝ አንቀበልም!»