ማንም ያልመጣበት ቀን

የባለቤቴ የሰለሞን የሕይወት ታሪክ በቀብሩ ዕለት ሲነበብ፣ “ዘመሮ ከተማ አጠገብ በነበረ ጤና ጣቢያ የአንድ መሣሪያ ብልሽት ፈልጎ የፈታ” የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ትናንት ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። የጻፈው ወንድሙ ነው፤ በፍቅር ነው የጻፈው። ነገር ግን መሣሪያውን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ያበላሸሁትም እኔው ነበርኩ። ሰለሞን ያደረገው ሌላ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ በአንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ፣ ጤና ጣቢያዎች የታካሚዎቻቸውን የምርመራ ውጤት በምስጢር ቆልፈው ደብረ ብርሃን ወዳለው የጤና ቢሮ የሚልኩበትን መሣሪያ እንሠራ ነበር። ውጤቱን የምትቆልፈው ውስጡ ያለች ጥፍር የምታህል የኤሌክትሮኒክ ቁራጭ፣ አንዲት ቺፕ ናት። ቺፗን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የፈተሸው ሰለሞን ነው።

ሌላው ጋ ሁሉ ሲሠራ የዘመሮው ብቻ በየጥቂት ሳምንቱ ይቆም ጀመር። መሣሪያው የመዘገበው ኃይል በድንገት መቋረጡን ብቻ ስለነበር፣ አለቃችን የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሶኬቱን እየነቀሉ ነው ብሎ ደመደመና ክስ ጻፈ። አቶ ደምሴ የሚባሉት እኚህ ሰው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ከሥራ ሊሰናበቱ ሆነ። እኔና ሰለሞን የተላክነው ጥፋታቸውን አምነው የሚፈርሙበትን ወረቀት ይዘን ነው።

ኅዳር ነበር። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ብርዱ በአውቶቡሱ መስኮት ስንጥቅ እየገባ ጉልበት ይበላል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሳልጠይቃቸው የለበሱትን የሱፍ ባና ግማሹን እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተውም የባቄላ ቆሎ ዘገኑልኝ። ቆሎውን እየቆረጠምኩ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ወረቀት አሰብኩት። የአገራቸውን ሰው ልከስስ እየሄድኩ ነበር።

አቶ ደምሴ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አንብበው መለሱልኝ።

“መንቀሉንስ ነቅያለሁ፣ አልክድም” አሉ። “መሣሪያው ደርቆ ሲቀር ምን ላድርገው? ጠበል ልረጭበት ብል ነርሷ ኤሌክትሪክ ነው ብላ ከለከለችኝ።”

ሰለሞን ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የሚነቅሉት ከቆመ በኋላ ከሆነ፣ ያቆመው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። የየዕለቱን የታካሚ መዝገባቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው።

መሣሪያው የቆመባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ገለጥን። አንዱ የንግሥ በዓል ነው፤ ሌላው ሲዘንብ የዋለ ቀን። በሁሉም ገጽ ላይ ቀኑ ተጽፎ ከሥሩ “ማንም አልመጣም” ይላል፤ ፊርማቸውም አለበት። ሌሎች ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ባለው ቀን ምንም አይልኩም። እሳቸው ግን ባዶውን ዝርዝር ይልኩት ነበር። ሰው ካልመጣ ለምን እንደሚልኩ ጠየቅኋቸው።

“ልጄ፣ ሰው ባይመጣ ቀኑ መጥቷል እኮ” አሉኝ።

ጥፋቱ የት እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። ድራይቨሬ የተሰጠውን ጽሑፍ ቆራርሶ ለቺፗ ያቀብልና “ጨረስኩ” እስክትለው ይጠብቃል። ባዶ ሲሰጠው ምንም ሳያቀብላት ይጠብቃል፤ እሷም ያልጀመረችውን ጨረስኩ አትልም። ባዶ ነገር የሚልክ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ላፕቶፔን ከፍቼ እዚያው አረምኩት፤ ባዶ ሲመጣ ቺፗን ሳይጠብቅ ተቀብሎ እንዲያሳልፍ አደረግሁ። በዚያው ዓይን ሳየው፣ ከልክ በላይ የረዘመ ጽሑፍም መጠኑን ሳይለካ ይቀበል ኖሯል። እሱንም አስተካከልኩ። ባዶ ዝርዝር ሦስት ጊዜ ላክን፤ መሣሪያው አልቆመም።

ከዚያ ሰለሞንን ወደ ደጅ ጠራሁት። ሥራ ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አዲስ ቅጂ ጫንን እንበል፣ ከእንግዲህ አይቆምም፣ ነገሩም ይረሳል አልኩት።

“ሰብለ፣” አለኝ፣ “አቶ ደምሴ ከተከሰሱ በኋላ መሣሪያው መቆሙን ከተወ፣ አጥፊው እሳቸው ለመሆናቸው ማስረጃ አይሆንም?”

እኔ እናገርልሻለሁ ግን አላለኝም።

ገባሁና ወረቀቱን ገልብጬ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ መሆኑን፣ የጻፍኩትም እኔ መሆኔን ጽፌ ፈረምኩ። ለአቶ ደምሴ አነበብኩላቸው። መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ ቆዩ። “ስንት ወር ሙሉ እጄን ስጠረጥረው ከረምኩ” አሉ።

ክሱ ተነሣ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ሰለሞን የፈተሽኩት እኔ ነኝና ለእኔም ይጻፍ ብሎ ለምኖ ተጻፈለት። ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች ዛሬም ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አሉ።

እሱ ከሄደ አምስት ወር ሆነው። ሕመሙ ሲጀምረው ድካም ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ቤት አቆይቼው ነበር። ሊያጽናኑኝ የሚመጡትን ሁሉ፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ብወስደው ይተርፍ ነበር ወይ እላቸዋለሁ። እጄን ይዘው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም ይሉኛል። ደጎች ናቸው። ሰለሞን ግን እንዲህ አይለኝም ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ቀን በቀን እንይው ይለኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ከተገኘም፣ ግማሹን ለእኔ ጻፊው ይል ነበር።