አባቴ በእጁ የሠራት አውሮፕላን

አሥር ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አባቴ ለእኔ የስልክ ድምፅ ነበር። እሑድ እሑድ ከሲያትል ሲደውል ቀፎውን ከእናቴ እጅ እነጥቅና «አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» እለዋለሁ። እናቴ ታማ ስታርፍ ግን እሱ አልመጣም፤ እኔ ወደ እሱ ተላክሁ። ኤርፖርት የተቀበለኝን ፀጉሩ የሸሸ ረጅም ሰውዬ ሳይ ደነገጥኩ። «እንደምን አሉ?» አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ።

«አንተ በይኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አለኝ። አልቻልኩም።

ሌክ ሲቲ በሚባል የሲያትል ሰፈር፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ እንደ ሁለት እንግዳ ኖርን። እኔ መኝታ ቤቱን ይዤ እሱ ሶፋ ላይ ያድራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ ወደ ሥራ ይወጣል፤ በር ላይ እንተላለፋለን። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ዝናቡንና የጎረቤቱን ቴሌቪዥን እሰማለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ከከተማው ወጣ ወዳለች ትንሽ ኤርፖርት ይወስደኛል። አገር ቤት የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ በዚህች ኤርፖርት፣ ሀንጋር በሚሉት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ እኔ በሌለሁባቸው ዓመታት በገዛ እጁ የሠራት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ነበረችው። በረራዋ ጥቂት፣ ጥገናዋ ብዙ ነው። ኮፈኑን ያነሳል፣ ዘይት ይቀይራል፣ የሞተሩን ካንዴላዎች ፈትቶ ያጸዳል፣ ክንፏን በባትሪ እያበራ ስንጥቅ ይፈልጋል። የቤንዚንና የእርጥብ ቆርቆሮ ሽታ ዛሬም ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ። እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። አንዴ ብሎኖቹ ያሉበትን ጣሳ ላቀብለው ብዬ ደፋሁት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ሳቀ፤ አብረን ተንበርክከን ለቀምን። ከዚያ ውጪ ብዙ አናወራም ነበር።

አንድ እሑድ ካንዴላዎቹን ቀይሮ ሲጨርስ ሞተሩን መሞከር ፈለገ። አውሮፕላኗን ገፍቶ አወጣት፣ እንዳትንቀሳቀስ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረገና «ነይ፣ ግቢ» አለኝ። ጎኑ ተቀመጥኩ። ማይክሮፎን ያለው ትልቅ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አጠለቀልኝ፤ እሱም የራሱን አደረገ። ሞተሩ ሲነሳ መቀመጫው፣ መስኮቱ፣ ጥርሴ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

«ይሰማሻል?»

የስልኩ ድምፅ ነበር። ሻከር ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ ያ የማውቀው ድምፅ! ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይሰማኛል፣ አባዬ» አልኩ። ከዚያ ሳላስበው አፌ ላይ መጣ፤ «እማዬ ስትታመም ለምን አልመጣህም?»

ሞተሩን ቀነስ አደረገው። «ወረቀቴ አላለቀም ነበር» አለ። «ከወጣሁ መመለስ የለም። አንቺን የማመጣበት መንገድ ይዘጋል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም እሷ ራሷ ናት አትምጣ ያለችኝ።»

«እማዬ?»

«አዎ። አንተ አትምጣ፣ ልጄን ውሰድልኝ አለችኝ።»

ሞተሩን አጠፋው። ወርዶ ኮፈኑን አነሳና ዘይት የሚያፈስ እንደሆነ ለማየት አጎነበሰ። ሳይቀና ቆየ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ወርጄ ባትሪውን አበራሁለት፤ ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ የሚበራለት ነገር አልነበረም። ግን አጥፊው አላለኝም።

ከዚያ ወዲያ «አንተ» ማለት አልከበደኝም። ጥቂት ጊዜም አብረን በረርን። ሃይስኩል ሳለሁ ልቡን ታመመና መብረር ተከለከለ፤ አውሮፕላኗን ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ገዛት። ስትነሳ ሜዳው ዳር ቆመን ሳለ እሱ ሞተሯን አዳመጠ። «ደህና ናት» አለ።

አሁን ፌደራል ዌይ በምትባል የሲያትል አቅራቢያ ከተማ ብቻውን ይኖራል። እሑድ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ዕድሜ ይሁን ብቸኝነት፣ ያ ዝምተኛ ሰው ዛሬ ወሬ አያልቅበትም፤ የልጅ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ስለ ልጅነቱ፣ ስለማላውቃቸው ዘመዶች ያወራለታል። አምስት ዓመቱ ነው፤ አማርኛ አይሰማም። ያኔ እኔና አባቴ አንድ ቋንቋ እያለን የምንለው ይጠፋን ነበር። አሁን መሐላቸው ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። ልጄ እጄን እየጎተተ «ምን አለ?» ይለኛል በእንግሊዝኛ። የአባቴ ወሬ ይረዝምብኛል፤ ግማሹን እኔም ሰምቼው አላውቅም።

«ናፍቀኸኛል ነው ያለህ» እለዋለሁ።